በደብተሬ ውስጥ የታመሙት አምስት ሴቶች

ስሜ ፍሬሕይወት ነው። ያዙት፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

የመርሳ ልጅ ነኝ። አባቴ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ጋራዥ አለው። ይህ ነገር የገጠመኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ አሥረኛ ክፍል ገብቼ፣ ግን ትምህርት ቤት ሳልሄድ በቀረሁበት ወቅት ነው። ጦርነቱ ከእኛ ወረዳ፣ ከሐብሩ፣ ወጥቶ ወደ ሰሜን ገፋ ብሎ ነበር። ወጣ ስላችሁ ግን ጨርሶ ተሰናብቶ አልሄደም፤ ነፋሱ በዚያ በኩል ሲመጣ የመድፍ ድምፅ አሁንም ይሰማን ነበር። ትምህርት ቤታችን ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ሰፍረውበታል። እኔ አባቴ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ብሎን በየመጠኑ እለያለሁ። አሥር ቁጥር ለብቻ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ለብቻ፣ አሥራ አራት ቁጥር ለብቻ። አባቴ ለደንበኞቹ «ይቺ ልጅ ቆጠራ ላይ ስህተት አታውቅም» እያለ ያወራልኝ ነበር። ይህን ቃሉን አሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይሞቀኛል።

አክስቴ ሲስተር አስካለ ደግሞ ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም። «ስማችንን ከጠራሽ ጆሮሽን እቆርጠዋለሁ» ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬን ለጉትቻ እፈልገዋለሁ። ጤና ጣቢያው በጦርነቱ ተዘርፏል። ፍራሹ ተወስዷል፤ ኮምፒውተሩ ተወስዷል፤ የኦክስጅን ማሽኑ ተወስዷል፤ አምቡላንሱ ተወስዷል። የበሽተኞች መዝገብ ተቃጥሎ ተገኘ። ምንም ሳይሆን የተረፈው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው «እባክዎ ዝምታ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አያነበውም። መዝገብ ይይዝ የነበረው ሠራተኛ ደሴ እንደሸሸ አልተመለሰም።

አንድ ቀን አክስቴ ጋራዥ መጣችና ብሎኖቼን እያየች፣

«ፍሬ፣ ጽሕፈትሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ቆንጆ ነው።»

«ምላስሽስ?»

«እሱም ቆንጆ ነው።»

«እሱን ቤት ትተሽው ነገ ነይ።»

ሥራው እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ወልድያ የሚላክ ሪፖርት አለ። ትኩሳትና ሳል ይዟቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ጤና ጣቢያ የተኙ ሰዎች በስምና በቁጥር ይጻፋሉ። እኔ ሳቅሁ።

«ጉንፋን ይቆጠራል እንዴ አክስቴ?»

«ጉንፋን ሰውን አልጋ ላይ አስተኝቶ ትንፋሹን ሲቀማው ኢንፍሉዌንዛ ይባላል። አንድ ሳምንት ሁለት ሰው ተኝቶ በሚቀጥለው ሳምንት አሥር ከተኛ አንድ ነገር መጥቷል ማለት ነው። ሰው አሁን በየክፍሉ እንደ ጎመን ታስሮ ነው የሚያድረው። ካልቆጠርን በምን እናውቃለን?»

አዲስ ደብተር ሰጠችኝና አስጠነቀቀችኝ፦ «ክፍሉ ውስጥ ግን እግርሽን እንዳላይ! ብትታመሚ ለእናትሽ ምን እላታለሁ? በር ላይ ትቀመጫለሽ። አስታማሚ ሲወጣ ትጠይቂያለሽ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ያሉበት ሁኔታ። በቃ።»

በቃ ብላ ሄደች። በር ላይ ወንበር ዘርግቼ፣ ማስኬን አጥልቄ፣ ሁለት እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። የክልሉ ፕሬዚዳንት መስዬ ነበር የታየሁት ለራሴ።

ሐሙስ ዕለት አራት ሰዎች አንዲት እናት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ከጋቢ በቀር ምንም አልታየኝም፤ ትንፋሿ ግን ይሰማል፤ አየር እንዳለቀበት የብስክሌት መንፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል። አክስቴ ሮጣ አስገባቻት። ማታ ቤት ስትመጣ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ፦

«የሦስት ቁጥሯ እናት ኦክስጅን ካላገኘች ሳምንቱን አትዘልቅም። ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ለምኜ ወልድያ ደወልኩ። 'ያለን አንድ መኪና ነው፤ ለአንድ ሰው ሲሊንደር ጭነን አንመጣም፤ ላኳት' አሉኝ። በምን ልላካት? ኬላ ላይ ከወታደር መኪና ኋላ ተሰልፋ መንገድ ላይ ነው የምታልቀው።»

የሦስት ቁጥሯን እናት ስም አክስቴም አትጠራውም ነበር። ለእሷ ሰው ሁሉ የአልጋ ቁጥር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም።

አርብ ጠዋት ከክፍሉ የመጀመሪያው አስታማሚ ወጣ። ረጅም፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ።

«አባባ፣ የማን አስታማሚ ነዎት?»

«የእህቴ።»

«ስሟ?»

«ጥሩነሽ አበጋዝ። የውርጌሳ ልጅ። ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ስልሳ በይ።»

«እንዴት ናቸው?»

«ትንፋሽ የላትም ልጄ። ትንፋሽ የላትም።»

ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምራል።

ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ የጠመጠመች ሴት ወጣች። የማን አስታማሚ እንደሆነች ጠየቅኳት።

«የወንድሜ ሚስት ናት፤ የሺመቤት። የአባት ስም? የእኛ ከሆነች አርባ ዓመት አልፏታል፣ ምን አባት አላት! በወንድሜ ስም ጻፊው፣ የሺመቤት ይመር። ከመርሳ በላይ፣ ከእኛው አገር።»

«ዕድሜያቸው?»

«ሰማንያ!» አለች ሳታስብ፣ እንደሚፈርድ ሰው። ከዚያ ትንሽ አዝና «ትንፋሹ ከብዷታል» አለች።

ሁለት።

ቅዳሜ የመጣችው ትንሽ መስቀል በአንገቷ ያሰረች፣ ዳቦ የያዘች እናት ናት። የጽዋ ማኅበር ጓደኛዋን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። «ወለተ ገብርኤል» አለችኝ። የአባት ስም ብላት ተቆጣች። «በክርስትና ስም ላይ አባት ይጠየቃል እንዴ? ካህኑስ ጠይቆ ያውቃል? ወለተ ገብርኤል ብቻ በይ። ዕድሜዋን ሰባ አድርጊው፤ ማኅበር ላይ ከሁላችን በላይ ነው የምትቀመጠው። አይ ወለተ ገብርኤል፣ አየር አጥሯታል እኮ!»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ እማማ ሀሊማ ወጡ። እማማ ሀሊማን ገበያ ላይ አውቃቸዋለሁ፤ በርበሬ ይሸጣሉ። ዓይናቸው በእንባ ቀልቷል።

«እማማ ሀሊማ፣ ማን ታሞብዎ ነው?»

«ዘሀራዬ። አንድ ጡት ጠብተን ያደግን። ያ ረቢ፣ ትንፋሿን መልስላት!»

«ዘሀራ ማን ልበል?»

«ዘሀራ ሰይድ በይ፣ በአባቴ። እኩያዬ ናት።»

«እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«አንቺ ስንት ትገምቻለሽ?»

ስልሳ አምስት ገመትኩ። «አላህ ያሳድግሽ» ብለው ሳሙኝ። መጠጋት ክልክል ነበር፤ ግን ተሳምኩ።

እሑድ የመጣው ሽማግሌ ከሁሉም ልቤን ነካኝ። አጠር ያለ፣ ነጭ ጺም ያለው፣ አዲስ ሸሚዙን የለበሰ። ሚስቱ ነች የተኛችው።

«ድንቄ ነው ስሟ።»

«ዕድሜያቸው?»

«ሳገባት ሃያ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አላረጀችብኝም። ሃያ አምስት ብልሽ ትስቂያለሽ፤ አርባ አምስት በይው።»

«የአባታቸው ስም?»

«እሱን ተይው።»

«ቅጹ ይጠይቃል አባባ።»

«በሠርጌ ዕለት በሰው ፊት 'አጭር' ብሎኛል። ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር፤ ስሙን ግን አልጠራም።» ከዚያ በዱላው መሬቱን እየቆረቆረ «ሐኪሟ አየር የለም ትለኛለች። አገር ምድሩን የሞላው አየር ለድንቄ ብቻ እንዴት ይጠፋል?» አለኝ። ማስኬ ውስጥ አለቀስኩ። ማስክ ውስጥ ማልቀስ በጣም ያስቸግራል፤ አፍንጫ መጥረጊያ ቦታ የለም።

«ድንቄ፤ አባት ያልታወቀ፤ 45» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን «አንቺ ልጅ፣ አንዴ እንኳ በመስኮት አላየሽም?» ትሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ! ፍራሽ ስለሌለ አልጋም ወለልም ላይ ሰሌን ተነጥፎ፣ አስታማሚውም በሽተኛውም ጋቢውን ተከናንቦ ጎን ለጎን ተጋድሟል። አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ሁሉም ያስላል። በዚያው ሳምንት የጻፍኳቸውን ሌሎች ሁለት በሽተኞች ከአምስቱ ሴቶች ጋር ስደምር ሰባት ሆነ፤ ከአሥራ አንድ ሰው ሰባቱ በሽተኛ መሆኑ ደግሞ ፍጹም ልክ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ። በአምስቱ ሴቶች ስም አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ትንፋሽ አጥሯታል፣ ኦክስጅን ያስፈልጋል» ብዬ አምስት ጊዜ ጻፍኩና አሰመርኩበት። አክስቴ ማዋለጃ ክፍል ነበረች። አንዲት እናት እየጮኸች ነው፤ አክስቴም «ግፊ! ግፊ!» እያለች ከእሷ በላይ ትጮኻለች።

«አክስቴ፣ ፊርማ!»

«አሁን?»

«ሙሄ ሊንቀሳቀስ ነው!»

አንድ ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ አወለቀች፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌላት ሳታየው ፈረመች። «ግፊ!» አለች፤ ለእኔ መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ሙሄ ከመርሳ ወልድያ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ስልክ በማይሠራበት ጊዜ የአገሩ ስልክ እሱ ነበር። ወረቀቱን ሰጥቼው «አደራ ሙሄ፣ የአምስት ሰው ነፍስ ነው» አልኩት።

«አብሽሪ! ወላሂ እጃቸው ላይ ነው የማስቀምጠው» አለኝ።

እንደሰማሁት እጃቸው ላይ ብቻ አላስቀመጠም። መንገድ ላይ ለተሳፋሪው በሙሉ አንብቦላቸዋል፤ ወልድያ ሲደርስ ቢሮው ድረስ ገብቶ «አምስት ሴት በአንድ ሳምንት! ሁሉም ትንፋሽ የለው! መርሳ ያለ እናት ልትቀር ነው!» ብሎ ጮኾባቸዋል። ሙሄ ነገር አያሳንስም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ግቢያችን ገባ። ከውስጡ ባለ መነጽር ዶክተርና አንዲት ናሙና ወሳጅ ወረዱ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ትልልቅ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ማውረድ ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እኔ ወንበሬ ላይ ቆምኩ። እኔ በጻፍኩት ወረቀት! በእኔ ጽሕፈት!

አክስቴ ወጥታ ሲሊንደሮቹን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ለአንድ ሰው አንመጣም ብላችሁኝ አልነበር?»

«ለአንድ ሰው አይደለም የመጣነው» አለ ዶክተሩ ከበሽታ መከላከያ ልብሱን እየለበሰ። «ሰባት ሪፖርት አድርገሻል። ባለፈው ሳምንት አንድ፣ በዚህ ሳምንት ሰባት! አምስቱ ሴቶች፣ አምስቱም በሦስት ቀን ውስጥ፣ አምስቱም ትንፋሽ ያጠራቸው። ይህ ወረርሽኝ ነው፣ ሲስተር። ሌላ ወረዳ ሊሄድ የነበረውን ሲሊንደር ነው አስቀይሬ የመጣሁት።»

አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ፍሬ። የምን ሰባት?»

«ሰባቱ ናቸዋ» አልኩ። «እርስዎም ፈርመዋል።» በፍርሃት ጊዜ አክስቴን አንቱ እላታለሁ።

ዶክተሩ ግን አልጠበቀም። ዝርዝሩን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ናሙና ወሳጇ አምስት ትንንሽ ብልቃጦች፣ የአምስቱ ስም የተጻፈባቸው፣ በእጇ ይዛ ተከተለችው። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ።

«ጥሩነሽ አበጋዝ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሦስተኛው አልጋ መጣ። ዶክተሩ ምልክት አደረገ።

«የሺመቤት ይመር!»

«አቤት» አለች የሦስት ቁጥሯ እናት።

ዶክተሩ ቀና አለ። «እናቴ፣ እርስዎ ጥሩነሽ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ የሺመቤት ማን ናት?»

«እኔው ነኝ።»

ዶክተሩ ወደ አክስቴ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እየቃዡ ነው» አላት። «ኦክስጅኑ ወደ አንጎላቸው እየደረሰ አይደለም። ፍጠኚ፣ ግጠሚላቸው!»

አክስቴ ሁለተኛ ትእዛዝ አልጠበቀችም። ሲሊንደሩን እየጎተተች አምጥታ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ ስታደርግ ዓይን እንኳ አልጨፈንኩም። ዶክተሩም ሌሎቹን ፍለጋ ቀጠለ።

«ወለተ ገብርኤል!»

«አቤት።» አሁን ድምፁ ትንሽ ወፈር ብሏል።

«ዘሀራ ሰይድ!»

«አቤት! አለሁ!»

ዶክተሩ ዝርዝሩን አየ፤ ሴትዮዋን አየ፤ ሲሊንደሩን አየ። ኦክስጅን ሲጨመር ቅዠት የሚብስበት ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ተስፋ በመቁረጥ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ድንቄ?» አለ።

የሦስት ቁጥሯ እናት ከሰሌኑ ላይ በክርኗ ቀና አለች። ከንፈሯ ሐሙስ ዕለት ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ አሁን ቀላ ብሏል። «ወዬ!» አለች። «ይመር መጣ እንዴ?»

አጭሩ ሽማግሌ ጥግ ላይ ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ። «አለሁ ድንቄ! እዚሁ ነኝ!»

ያን ጊዜ ነው ብሎኖቹ በሙሉ ከእጄ ላይ ወደ መሬት የተበተኑ የመሰለኝ።

ናሙና ወሳጇ ማስኳ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ማልቀስ ወይም መሳቅ ነው፤ በማስክ አይለይም። የአፍንጫውን እንጨት አውጥታ አንድ ጊዜ ናሙና ወሰደችና እጇ ላይ ወደቀሩት አራት ብልቃጦች ስታይ፣ የሦስት ቁጥሯ እናት አይታ ደነገጠች።

«ለዚህ ሁሉ ነው?» አለች። «ልጄ፣ ስሜ ብዙ ቢሆንም አፍንጫዬ አንድ ነው።»

ዶክተሩ ወጣ። መነጽሩ በላብ ጨልሟል። «ይህን የጻፈው ማን ነው?»

መሸሽ እችል ነበር። አውራ ጎዳናው ሁለት መቶ ሜትር ነው። ግን እጄን አነሳሁ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ።

«በጦርነት ጊዜ የሐሰት ሪፖርት ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ? ሰው ስንት ሰዓት ኬላ ላይ ቆመ! ስንት ቦታ ኦክስጅን እየተጠበቀ! ሦስት ሲሊንደር ለአንድ ሰው!»

አስታማሚዎቹ ሁሉ በዚህ መሐል ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ነበር። እኔን ሊረዱኝ ፈልገው ይመስለኛል፤ ግን ነገሩን አባባሱት።

«ሐሰት አልጻፈችም» አለ የውርጌሳው ወንድም። «አባቴ ጥሩነሽ ብሎ ነው ያወጣላት።»

«እናታችን ደግሞ ለሙሽራዋ የሺመቤት ብላ ስም አወጣችላት» አለች የባሏ እህት። «ምራት ስትገባ ስም ይወጣላታል። ከዚያ ወዲህ ጥሩነሽ የሚባል ሰው አናውቅም።»

«አታውቁም?» አለ ወንድሟ ዱላውን አንስቶ።

«በሕፃንነቷ ታማ ልትሞትባቸው ስትል፣ ስም ቀይራ ታትርፍልን ብለው ለእናቴ ሰጧት» አሉ እማማ ሀሊማ። «እናቴ ዘሀራ ብላ አጥብታ አኖረቻት። ዘሀራ ባትባል ሁላችሁም ዛሬ የምትጠሩት ሰው አልነበራችሁም!»

«በእግዚአብሔር ፊት ግን ወለተ ገብርኤል ናት» አለች የማኅበር ጓደኛዋ፤ ጨረስኩ ብላ።

አጭሩ ሽማግሌ ምንም አልተከራከረም። «እኔ ብቻዬን ነው ድንቄ የምላት» አለ፤ «ሌላ ሰው እንዲጠራት አልፈልግም።» ዶክተሩ አሁን በአደባባይ መጥራቱ ትንሽ ሳያስከፋው አልቀረም።

ዶክተሩ «ሁለቱን ሲሊንደር ጫኑ» አለ። «እንዲያውም ደንቡ ሦስቱንም ጫን ይላል። የተፈቀደው ለአምስት ሰው ነው። ለአንድ ሰው ብዬ ብጠይቅ ማንም አይፈርምልኝም ነበር።»

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም፤ እሷ ሳትጮህ ስትቀር ነው የሚያስፈራው።

«እኔ ለአንድ ሰው ጠይቄያለሁ» አለች። «ሦስት ጊዜ ጉብታ ላይ ወጥቼ። እውነቱን ቆጥሬ ነገርኳችሁ፣ አልመጣችሁም። ልጅቷ ተሳስታ ቆጠረች፣ መጣችሁ። እንግዲህ የምትወስዱትን ውሰዱ፤ ከሴትዮዋ አፍንጫ ላይ ግን እኔ አልነቅልም። ራስዎ ይንቀሉ።»

 ከመስኮቱ ውስጥ አየሩ የሚያልፍበት የሲሊንደሩ ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ይሰማል፤ ያ እንደ መንፊያ ሲጥ ሲጥ የሚል ትንፋሽ ግን አልነበረም። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አጠለቀው።

«ስትደውይ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሲሊንደሮች መኪናው ላይ ተጫኑ፤ አንዱ ቀረ። ዶክተሩ ወንበሬ ላይ፣ የእኔ ወንበር ላይ፣ ቁጭ ብሎ ደብተሬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። «አባት ያልታወቀ» የሚለው ጋ ሲደርስ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ከማስኩ ስር ሲወጣ እንደ ሳል ነበር የሚመስለው፤ አክስቴ ደንግጣ ሙቀት መለኪያዋን አወጣች።

ሊሄድ ሲል ሁለት ነገር አዘዘኝ። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማስክና ገዋን ለብሼ ከአክስቴ ጋር እንድገባ፣ የበሽተኛውን ፊት ሳላይ ስም እንዳልጽፍ። ሁለተኛ፣ አምስት ሴቶች እንዴት አንድ እንደሆኑ የሚያስረዳ ማብራሪያ ጽፌ በሙሄ እንድልክለት።

«አንድ ገጽ ይበቃል» አለኝ።

ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ምን ላድርግ? የሽማግሌው አዲስ ሸሚዝ ነበረ፤ የእማማ ሀሊማ መሳም ነበረ፤ የትኛውን ልተው? በሳምንቱ ሙሄ መልስ ይዞ መጣ። ዶክተሩ በማብራሪያዬ ግርጌ እንዲህ ጽፏል፦ «ናሙናው ኢንፍሉዌንዛ ሆኗል። ማብራሪያሽን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ ቤት ሰው ሲስቅ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። መቁጠር እናስተምርሻለን። መጻፉን ግን እንዳትተይ።»

ይህን ወረቀት አባቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ በላይ፣ ሰቅሎታል። ቅባት ነክቶታል፤ ግን ይነበባል።

የሦስት ቁጥሯ እናት በአሥረኛው ቀን በእግሯ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት መዝገቡን መዝጋት ነበረብኝ። መዝገብ አይፋቅም፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝና ምክንያቱ አጠገቡ ይጻፋል። «ከሦስት ቁጥሯ ጋር አንድ ሰው ሆነው ተገኝተዋል» ብዬ ምክንያቱን አዘጋጀሁ። ግን የትኛዋ ትቅር፣ የትኞቹ ይሰረዙ? ዘመዶቹን ብጠይቅ ዱላው እንደገና ሊነሳ ነው። እሷኑ ጠየቅኳት።

«እናቴ፣ የትኛውን ልተው?»

«አይሆንም!» አለች። «አንዷን ብትሰርዢ ያወጣላት ሰው ይቀየመኛል።»

ስለዚህ ዶክተሩን አስፈቅደን ደብተሩ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርን፤ «ሌላ መጠሪያ» የሚል። ከአምስቱ ስም በፊት ደግሞ የአልጋ ቁጥር። አሁን አክስቴ እንደምትለው ቁጥሩም አለ፣ ዘመድ እንደሚለውም ስሙ አለ።

ስትወጣ እጄን ያዘች። የምትመርቀኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«የምሰጥሽ ነገር የለኝም» አለችኝ። «ለእኔ ሰው ሲያዝንልኝ ስም ነበር የሚያወጣልኝ። እኔም ላውጣልሽ። አንዷን አምስት አድርገሽ አየር አመጣሽልኝ። አብዢልኝ ብዬሻለሁ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሙሄ ሰምቶ ስለነበር ከመርሳ እስከ ወልድያ ያልሰማ ተሳፋሪ የለም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብኝ ብትሉኝ፣ በፊት ሰው የሚቆጠረው እንደ ብሎን ይመስለኝ ነበር፤ በመጠን በመጠን ለይተህ ሣጥን ውስጥ መጨመር። አሁን ትምህርት ቤታችን ተከፍቷል፤ እኔም ከትምህርት መልስ ደብተሬን ይዤ ገብቼ መጀመሪያ ፊት አያለሁ። ቁጥሬ አሁን ልክ ነው። ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ እውነተኛው «አንድ» ያላመጣውን መኪና የተሳሳተው «አምስት» አመጣው። ዶክተሩም ሳይከነክነው አልቀረም። ስልክ ከተመለሰ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ራሱ ይደውልልኛል፤ አንድም ቢሆን ስለ አንዱ ይጠይቀኛል። ዕድሜውን፣ ትንፋሹን፣ ማን እንደሚያስታምመው። ባለፈው ወር አንድ ሕፃን ብቻ ተኝቶ ነበር፤ መኪናው ለአንድ ሕፃን መጣ።

እና ወደ መርሳ ከመጣችሁ ጋራዡ ጋ ብቅ በሉ። አንዱ «ፍሬሕይወት ውስጥ ናት» ይላችኋል፤ ሌላው «አብዢ እኮ ጤና ጣቢያ ሄደች» ይላችኋል። ሁለት ልጆች አሉ ብላችሁ እንዳትጽፉ።

አንድ ነኝ። ፊቴን አይታችሁ ቁጠሩኝ።